ሀገር ቤት ገብተሽ ሙያ ልትማሪ አስበሻል? መጀመሪያ ይህን ሒሳብ ሥሪ

«ሀገሬ ገብቼ ሙያ ልማር ወይስ አንድ ኮንትራት ልጨምር?» ሪያድም ሆነ ዱባይ፣ ቤይሩትም ሆነ ኩዌት፣ እህቶች ሲገናኙ ወይም በስልክ ሲያወሩ ይህ ጥያቄ አይቀርም። ልብስ ስፌት ይነሳል፣ ፀጉር ሥራ ይነሳል፣ ምግብ ዝግጅት ይነሳል። «ስንት ያስከፍላል?» ትላለች አንዷ፤ ሌላዋ የሰማችውን ዋጋ ትናገራለች፤ ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል።

ሒሳቡ የሚሳሳተውም እዚያ ላይ ነው። የትምህርት ቤቱ ክፍያ ከጠቅላላው ወጪ ትንሹ ክፍል ነው። ትልቁ ወጪ ስትማሪ ገቢ የማይኖርሽ ወራትና ተመርቀሽ ሥራ ለመጀመር የሚያስፈልግሽ ገንዘብ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችንን ስትመልስ ለብዙዎቹ አጫጭር የሙያ ስልጠና ተሰጥቶ ነበር። ስልጠናውን ጨርሰው፣ ወረቀቱን ይዘው፣ የሥራ ቦታና የመነሻ ገንዘብ አጥተው ግን እንደገና የተሰደዱ ጥቂት አልነበሩም። ሙያው አልጠቀመም ለማለት አይደለም። ከሙያው በኋላ ያለው ወጪ አስቀድሞ አልታሰበም ነበር።

ለመማር ነው የምትገቢው ወይስ ስለገባሽ ነው የምትማሪው?

ሁለቱ አንድ አይደሉም። ኮንትራትሽ አልቆ፣ ጤናሽ አስገድዶሽ ወይም ልጅሽ ናፍቆሽ ለማንኛውም የምትገቢ ከሆነ የቤት ኪራይና ምግብ የትምህርቱ ወጪ አይባሉም። ብትማሪም ባትማሪም ትበያለሽ፣ ታድሪያለሽ። የትምህርቱ ወጪ ክፍያው፣ መማሪያ ዕቃው፣ ትራንስፖርቱና በዚያ ጊዜ ሀገር ቤት ሠርተሽ ልታገኚው የምትችይው ገቢ ነው።

ደህና አሠሪ ይዘሽ፣ ደመወዝሽ በወሩ እየተከፈለሽ፣ ለትምህርት ብለሽ ሥራ የምታቋርጪ ከሆነ ግን ሒሳቡ ይከብዳል። እዚያ ምግብሽና መኝታሽ በአሠሪሽ ነው፤ እዚህ ሁለቱም ከኪስሽ ይወጣሉ። ደመወዙም ይቀራል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ ሙሉ ደመወዝሽን «የቀረብኝ ገቢ» ብለሽ ከቆጠርሽ ለቤተሰብ የምትሰጪውን እንደገና አትቁጠሪ፤ እሱም ከዚያው ደመወዝ ነበር የሚወጣው። ሁለቴ ከቆጠርሽው ወጪው ከልኩ በላይ ሆኖ ያስፈራሻል።

በየትኛውም መንገድ ብትገቢ ያልተከፈለሽ ደመወዝ ካለ ከመውጣትሽ በፊት ጠይቂ። ከገቡ በኋላ ማስከፈል በጣም ከባድ ነው። የአገልግሎት ክፍያም አትርሺ፤ የመጀመሪያውን የስፌት ማሽን ሊገዛልሽ የሚችል ገንዘብ ነው። በኩዌት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2015 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ለሠራሽበት ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ ይሰጥሻል። በሳዑዲ ደግሞ ከአንድ አሠሪ ጋር አራት ተከታታይ ዓመት የሠራች የአንድ ወር ደመወዝ ይገባታል። ማዳም ካላነሳችው አንቺ አንሺው።

የት ነው የምትማሪው?

ሀገር ቤት ያለው የቴክኒክና ሙያ ትምህርት በደረጃዎች የተከፈለ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ተግባረ ዕድ፣ እንጦጦ፣ ጄኔራል ዊንጌትና ንፋስ ስልክ ያሉ የመንግሥት ኮሌጆች አሉ፤ በክልል ከተሞችም እንዲሁ። የመንግሥቱ ከግሉ በብዙ ይረክሳል። መግቢያው ግን በየዓመቱ በሚወጣ ማስታወቂያ የሚወሰን ስለሆነ የትምህርት ማስረጃሽን ይፈልጋል። የስምንተኛ፣ የአሥረኛ ወይም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወረቀትሽ እናትሽ ሳጥን ውስጥ ካለ ከአሁኑ ይፈለግ። ከጠፋም የተማርሽበት ትምህርት ቤት ሄዶ ለማስወጣት ጊዜ ይወስዳል፤ ምዝገባው ደግሞ አይጠብቅሽም።

ትምህርት ብዙም ያልገፋሽ ከሆነ ተስፋ አትቁረጪ። ማንበብና መጻፍ ከቻልሽ የምትገቢባቸው የጥቂት ሳምንታት ወይም የጥቂት ወራት አጫጭር ስልጠናዎች በመንግሥትም በግልም አሉ። ለስፌት፣ ለፀጉር፣ ለምግብና ለሞባይል ጥገና ብዙ ሰው የሚጀምረው ከእነዚህ ነው።

ከሁሉም በላይ ልታውቂው የሚገባው ግን ሲ ኦ ሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ነው። የጽሑፍና የተግባር ፈተና አለው፤ ፈታኙም ያስተማረሽ ኮሌጅ ሳይሆን የምዘና ማዕከሉ ነው። ከአንድ ደረጃ ወደሚቀጥለው የምትሸጋገሪው ይህን አልፈሽ ነው፤ ቀጣሪም የሚጠይቅሽ ይህን ነው። ብዙ እህቶች የማያውቁት ነገር ደግሞ አለ፦ ለመመዘን የግድ ኮሌጅ መማር አያስፈልግም። ሙያውን በሥራ ላይ የተማረ ሰውም ቀርቦ ሊመዘን ይችላል። ስምንት ዓመት ሙሉ ለአሥር ሰው ስታበስይ፣ ለእንግዳ ስታሰናጂ የኖርሽ ከሆንሽ ምግብ ዝግጅትን ከዜሮ ለመማር አንድ ዓመት ከማቃጠልሽ በፊት የምዘና ማዕከሉን «በልምድ መመዘን እፈልጋለሁ» ብለሽ ጠይቂ። የጎደለሽን ብቻ በአጭር ስልጠና ሞልተሽ ትፈተኛለሽ። በአዋጅ 923/2008 መሠረት በሕጋዊ መንገድ የሄድሽ ከሆነ ለቤት ሥራው ሲ ኦ ሲ ወስደሽ ይሆናል። ያን ወረቀት አትጣይው።

«እዚሁ ሆኜ ብማርስ?» የምትይም አለሽ። የዕረፍት ቀን ካለሽ መማሩ ጥሩ ነው፤ በስልክሽ ከዩቲዩብ ልብስ አቆራረጥና ፀጉር አሠራር መከታተልም ወጪ የለውም። ነገር ግን የውጭ ሀገር ሰርተፊኬት ሀገር ቤት ያለውን ምዘና አይተካም። እዚያው ሳሎን ገብቼ ልሥራበት ካልሽ ደግሞ ኢቃማሽ በከፊልሽ ስም ለቤት ሥራ የወጣ መሆኑን አትርሺ። ከከፊል ውጭ ስትሠሪ ከተያዝሽ ቅጣትና መባረር ነው የሚከተለው።

እስቲ በቁጥር እንየው

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለማስላት እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው። እህትሽ ወይም ጓደኛሽ የሰፈራችሁን ዋጋ ጠይቃ ትንገርሽና በእሱ ተኪያቸው።

የ10 ወር የልብስ ስፌት ትምህርት በግል ትምህርት ቤት ልትማሪ ነው እንበል። ክፍያው በወር 3,000 ብር፣ በአሥር ወር 30,000 ነው። ለመለማመጃ ጨርቅ፣ ለመቀስ፣ ለሜትርና ለክር 10,000። ትራንስፖርት በቀን 40 ብር፣ በወር 22 ቀን፣ በአሥር ወር 8,800። ለምዘናና ለልዩ ልዩ ወረቀት 2,000። እስካሁን 50,800 ብር ሆነ። ብዙ ሰው ቆጥሮ የሚያቆመው እዚህ ወይም ከዚህም በፊት ነው።

አሁን ቀጥይ። የአንድ ክፍል ኪራይና ምግብ በወር 9,000 ብር ነው። የምትማሪው 10 ወር ነው፤ ደንበኛ እስኪለምድሽ ደግሞ ቢያንስ 4 ወር ጨምሪ። በ14 ወር 126,000 ይሆናል። ለእናትሽ በወር 4,000 የምትሰጪ ከሆነ በ14 ወር 56,000። ሁለት ማሽን 60,000። ሱቅ በወር 6,000 ተከራይተሽ የ4 ወር ቅድሚያ ስትከፍይ 24,000። ሁሉንም ደምሪው፦ 316,800 ብር። ክፍያ ብለሽ የጠየቅሽው 30,000 የዚህ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ሥራ ሳትሠሪ ልትማሪ ካሰብሽ እጅሽ ላይ ሊኖር የሚገባው 316,800ው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ገንዘቡ መቼ ይመለሳል ነው። ተመርቀሽ በወር 25,000 ብር ሥራ ሠራሽ እንበል። ይህ ሙሉ በሙሉ የአንቺ አይደለም። ለክር፣ ለዚፕና ለገበር 4,000፣ ለሱቅ 6,000፣ ለመብራት፣ ለማሽን ጥገናና ለግብር 2,500 ስታወጪ የሚተርፍሽ 12,500 ነው። ሳትማሪ ካፌ ወይም ምግብ ቤት ተቀጥረሽ 6,000 ታገኚ ከነበረ ትምህርቱ የጨመረልሽ 12,500 ሳይሆን ልዩነቱ፣ ማለትም 6,500 ብር ነው። በዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ።

ለማንኛውም የምትገቢ ከሆንሽ ወጪሽ 50,800 ለትምህርቱ፣ በ14 ወር ውስጥ የቀረብሽ የ6,000 ብር ደመወዝ 84,000፣ ማሽን 60,000፣ ሱቅ 24,000፣ በጠቅላላ 218,800 ብር ነው። ለ6,500 ስታካፍይው 34 ወር ይሆናል፤ ሦስት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ትርፍ ነው። ሥራ አቋርጠሽ የምትገቢ ከሆነ በ6,000 ብሩ ቦታ የዚያን ሀገር ደመወዝሽን አስገቢ፤ ኪራይና ምግቡንም ጨምሪ። ጊዜው በጣም ይረዝማል።

ቀን እየሠራሽ ማታ ብትማሪስ? የአሥሩ ወር 60,000 ብር ደመወዝ አይቀርብሽም። ወጪው ወደ 158,800 ይወርዳል፤ ገንዘብሽም በ34 ወር ፋንታ በሁለት ዓመት አካባቢ ይመለሳል። የማታ ትምህርት ያደክማል፤ ከሥራ ወጥቶ ታክሲ ተጋፍቶ መድረሱ ቀላል አይደለም። በሒሳብ ደረጃ ግን ይህን የሚያህል ቅናሽ የሚሰጥሽ ትምህርት ቤት አታገኚም።

ሌላውን መንገድ ደግሞ እዪው። የ3 ወር የፀጉር ሥራ ስልጠና፦ ክፍያ 12,000፣ ትራንስፖርት 2,640፣ የቀረብሽ ደመወዝ 18,000፣ ድምሩ 32,640። ሱቅ ሳትከፍቺ የሰው ሳሎን ገብተሽ በፐርሰንት ብትሠሪና በወር 8,500 ብታገኚ ልዩነቱ 2,500 ነው። በ13 ወር ወጪሽን መልሰሻል። የወር ገቢው ከስፌቱ ያነሰ ነው፤ ካልሆነልሽ የምታጪውም በብዙ ያነሰ ነው። ቁጠባሽ ትንሽ ከሆነ እኔ ይሄኛውን አስቀድማለሁ። ሙያው እንደሚሆንሽ ካየሽ በኋላ ደረጃውን መጨመር ይቻላል።

የትኛው ሙያ?

ስፌት ሁለት ዓይነት ሕይወት አለው። ለራስሽ ስትሰፊና ፋብሪካ ስትቀጠሪ የሚገኘው ገንዘብ አይገናኝም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2019 የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የነበረውን መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ብሎት ነበር። በሀገራችን ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለም። ስለዚህ «ስፌት ተምሬ ፋብሪካ እገባለሁ» ከሆነ ሐሳብሽ አንድ ዓመት የሚያስከፍልሽን ትምህርት እንደገና አስቢበት፤ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው እያሠለጠኑ ይቀጥራሉ። ለራሷ የምትሰፋ ግን የሐበሻ ቀሚስ፣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የመጋረጃና የማስተካከል ሥራ አላት። ዝግጁ ልብስ ከውጭ በርካሽ ስለሚገባ አዲስ ልብስ ሰፍቶ መሸጥ ይከብዳል፤ ማሳጠርና ማጥበብ ግን ሁልጊዜ አለ። የሰው ዓይን የማይገባበት ትንሽ ሥራ ስለሆነ ይናቃል እንጂ ኪራይ የሚከፍለው እሱ ነው።

ፀጉር ሥራ በበዓል ሰሞን ይደራል፤ የጥርና ከፋሲካ በኋላ ያለው የሠርግ ወቅት ጥሩ ነው። በዐቢይ ጾም ሠርግ ስለሌለ 55 ቀን ይቀዘቅዛል፤ ለእነዚያ ሳምንታት የሚሆን ከጥር ገቢሽ ካላስቀመጥሽ ኪራዩ ያስጨንቅሻል። ውኃና መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ሳሎን መክፈትም ሌላ ጣጣ ነው። ሹሩባ የምትችል ግን መብራት አያስፈልጋትም፣ ሱቅም ባይኖራት ቤት ለቤት ትሠራለች።

በምግብ ላይ አንቺ ሌላው የሌለው ነገር አለሽ። ከብሳ፣ መንዲ፣ ታቡሌ፣ ሁሙስ፣ የዓረብ ጣፋጭ መሥራት የሀገር ቤት ኮሌጅ ብዙም አያስተምርም፤ አንቺ ግን በየቀኑ ስትሠሪው ኖረሻል። አዲስ አበባ ውስጥ እነዚህን የሚሸጡ ቤቶች አሉ። የጾም ቀናትን አትርሺ፤ ረቡዕና ዓርብ የሥጋ ምግብ ብቻ ይዞ የቆመ ቤት ባዶ ይውላል። ሁሙስና ታቡሌ ግን የጾም ናቸው።

ሞባይል ጥገና፣ ኤሌክትሪክና ቧንቧ «የወንድ ሥራ» ስለሚባሉ ብዙ እህቶች ስማቸውንም አያነሱም። የሞባይል ጥገና መሣሪያ ከሁለት የስፌት ማሽን በታች ይገዛል፣ ሥራውም አንድ ጠረጴዛ ላይ ያልቃል። ሁሉም ጎረቤት ፀጉር በሚሠራበት ሰፈር ደግሞ ሌላ ነገር የምትችል ሴት ተፈላጊ ናት።

ገንዘብሽን በምን ታስቀምጪዋለሽ?

ክፍያው በብር ነው፤ ቁጠባሽ ግን በሪያል፣ በድርሃም ወይም በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ሥርዓቱ ሲለወጥ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት ቁጠባዋን ሁሉ ብር አድርጋ ያስቀመጠች እህት ማሽኑን ስትጠይቅ ዋጋው አምልጧታል፤ ማሽን ከውጭ ስለሚገባ ከዶላር ጋር ይወጣል። የሳዑዲ ሪያል በ3.75፣ የኤምሬትስ ድርሃም በ3.6725 ለአንድ ዶላር ታስረው የቆዩ ስለሆኑ እስክትፈልጊው ድረስ በእነሱ ማቆየት ይሻላል። ሊባኖስ ላለሽው ነገሩ የተለየ ነው፤ ለዓመታት 1,507.5 የነበረው ሊራ ከ2019 ወዲህ እንዴት እንደወደቀ አይተሽዋል። ደመወዝሽን በዶላር፣ በእጅሽ ተቀበይ።

«አንድ ኮንትራት ልጨምር» ለምትይውም በዚሁ መንገድ አስይ። ከ1,000 ሪያል ደመወዝ 600 ልከሽ፣ 100 ለራስሽ አውጥተሽ 300 ብትቆጥቢ በሁለት ዓመት 7,200 ሪያል ይሆናል፤ 1,920 ዶላር ነው። የቀኑን ምንዛሬ አባዢና ከላይ ካለው 316,800 ጋር አስተያዪው። የማይሞላ ከሆነ ሁለት አማራጭ አለሽ፦ የሚላከውን መቀነስ ወይም አጭሩን ስልጠና መምረጥ። ስለሚላከው ደግሞ ከመግባትሽ በፊት ከቤተሰብ ጋር በግልጽ ተነጋገሪ። «ስማር በወር 4,000 ነው የምችለው» የሚለውን አውሮፕላን ማረፊያ ሳይሆን ከስድስት ወር በፊት በስልክ ይስሙት። ዕቁብ የጀመሩ፣ ቤት መሥራት የጀመሩ ካሉ ራሳቸውን ያዘጋጃሉ።

ማሽኑን በአንድ ጊዜ መግዛት ካልቻልሽ የካፒታል ዕቃ ኪራይ የሚሰጡ ተቋማት አሉ። በተለምዶ ከዋጋው 20 በመቶ ቆጥበሽ ስትቀርቢ ቀሪውን እነሱ ከፍለው ማሽኑን ያመጡልሻል፤ አንቺ በየወሩ ትከፍያለሽ። ለዚህም፣ ለኮሌጅ ምዝገባም፣ ለባንክም መታወቂያ ትጠየቂያለሽ፤ እንደገባሽ መጀመሪያ የነዋሪነት መታወቂያሽንና ፋይዳሽን አውጪ።

ሳትከፍይ በፊት

የግል ትምህርት ቤት ከመረጥሽ የዕውቅና ፈቃዱን አሳዩኝ በይ። «ፈቃድ አለን» ማለት አይበቃም፤ ፈቃዱ የሚሰጠው ለሙያው ዓይነት፣ ለደረጃውና ለቅርንጫፉ ነው። ለኮምፒውተር ፈቃድ ያለው ትምህርት ቤት ስፌት ሊያስተምርሽ ይችል ይሆናል፤ ምዘና ላይ ስትቀርቢ ግን ጣጣው የአንቺ ነው። «ባለፈው ዙር ስንት ተማሪ ለሲ ኦ ሲ አቀረባችሁ? ስንት አለፈ?» ብለሽ ጠይቂ። መልስ ሳይሰጡሽ «አንቺ ብቻ ተመዝገቢ» ካሉ ውጪ።

ማሽኖቹን እዪ። ሃያ ተማሪ ለአራት ማሽን ከሆነ የምትማሪው ተራ መጠበቅ ነው።

ገንዘብ ከዚያ ሆነሽ ልከሽ «አስመዝግቡኝ» አትበይ፤ ራስሽ ሄደሽ አይተሽ ተመዝገቢ። የዓመቱን በአንድ ጊዜ ከከፈልሽ ቅናሽ አለ ቢሉሽም በየወሩ ክፈይ፣ ደረሰኝም ተቀበይ። ለእህትሽ ግን አንድ ሥራ ስጫት፦ ልትሠሪበት ባሰብሽው ሰፈር ሙያውን የሚሠሩ ሦስት ሰዎች ጋ ትሂድና ኪራይ ስንት እንደሚከፍሉ፣ ደካማ ወራቸው የትኛው እንደሆነ፣ ረዳት ሲቀጥሩ ስንት እንደሚሰጡ ትጠይቅ። ስለ ገቢያቸው ቢጠየቁ ላይናገሩ ይችላሉ፤ ስለ ወጪያቸው ግን ሁሉም ያማርራል። ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንድ ሰዓት ቁጭ ብላ ስንት ደንበኛ እንደገባ ትቁጠርልሽ፤ ቅዳሜን አትመኝ፣ ቅዳሜ ሁሉም ቤት ሥራ አለው።